ወንድሜ ወንጀሉን ሲፈልግ የዋለ ዕለት

ማክሰኞ ጠዋት ከመኝታ ቤቴ ስወጣ ወንድሜ ሮስኮ ሳሎኑ ወለል ላይ ተንበርክኮ ወንጀሉን እየፈለገ ነበር። ሌላ ሰው ቁልፍ ይጠፋበታል፣ መነጽር ይጠፋበታል፤ የእኔ ወንድም፣ የስድሳ ሦስት ዓመት ሽማግሌ፣ የተፈረደበት ወረቀት ጠፍቶበት ቤቱን ገልብጦታል። እናታችን ማንም እንዳያቆሽሸው ፕላስቲክ ያለበሰችው ሶፋ ከግድግዳው ተነቅሎ መሃል ቤት ቆሟል። የብስኩት ቆርቆሮዎቿ ክዳናቸው ተከፍቶ አዝራሩ፣ ክሩ፣ የጋዝ ደረሰኙ፣ ፎቶ የታተመባቸው የቀብር መርሐ ግብሮች ምንጣፉ ላይ ተዘርግፈዋል። በሰፈራችን ሰው ሲሞት ቤተክርስቲያን በር ላይ የሚታደለውን ያን ወረቀት እናቴ አንድም ጥላ አታውቅም፤ እሷ ከሞተች በኋላ ደግሞ እኔ መጨመሬን አልተውኩም። የሃምሳ ዓመት ሙታን ምንጣፉ ላይ ተሰልፈው ፈገግ ብለው ያዩኛል።

"ምን ሆነሃል አንተ ሰው፣ ሌባ ገባ እንዴ?"

"የፍርድ ቤቱን ወረቀት አይተሻል?" አለኝ ቀና ሳይል።

"የትኛውን?"

"የተፈረደብኝን ነዋ!"

እኔ ቬርኒስ ቴት፣ ሠላሳ ዓመት የከተማ አውቶቡስ ነድቼ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ፤ ከኋላ ወንበር ላይ ያላየሁት ጉድ የለም። ይሄን ግን አልቻልኩትም፤ በሩን ይዤ ሳቅሁ። "ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ! አንተ ራስህ አይደለህ እንዴ ያቃጠልከው?" አልኩት። እሱ ከቆርቆሮው ውስጥ የእናታችንን የቀብር መርሐ ግብር አንስቶ ማንበብ ያዘ። "ወንድ ልጇ ሮስኮ በሥራ ምክንያት ከቴክሳስ ሊመጣ አልቻለም" ይላል። የጻፍኩት እኔ ነኝ። አንብቦ ሲጨርስ በእጥፋቱ አጥፎ መልሶ ከተተው። እኔም እንቁላል ልጥበስ ብዬ ወደ ወጥ ቤት ገባሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዛሬ ሠላሳ ስድስት ዓመት ሮስኮ ላርኪን ጎዳና ላይ፣ የልብስ ማጠቢያ ቤቱ ፊት ለፊት፣ ጃኬቱ ኪስ ውስጥ ማሪዋና ተገኘበት። የሳንድዊች ከረጢት የማይሞላ ነገር ነው። ትምህርት ቤቱ ቅርብ ነው ብለው ቅጣቱን እጥፍ አድርገው ሰባት ዓመት ፈረዱበት። ዛሬ ሕጉ ተለውጦ፣ ልብስ ማጠቢያው ተዘግቶ በቦታው ያንኑ ቅጠል በመስታወት ማሰሮ የሚሸጥ ሱቅ ተከፍቷል፤ ትምህርት ቤቱም ከነበረበት ንቅንቅ አላለም። ዘንድሮ ደግሞ ከተማው አዘነልን። በድሮው ሕግ ለተጎዱ ሰዎች ብቻ የሚሆን ሁለት የቅጠል ሱቅ ፈቃድ ለሰፈራችሁ መድበናል፣ የተፈረደባችሁበትን ማስረጃ ይዛችሁ ኑ አሉ። ማመልከቻው የሚዘጋው በዚያው ማክሰኞ ከቀኑ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ነበር።

ማስረጃውማ ጓሯችን ውስጥ አመድ ሆኗል። ሮስኮ ስድሳ ዓመት ሲሞላው ሻርሜን፣ አንድ ልጁ፣ እሱ በታሰረ በአምስተኛው ወር የተወለደችው፣ ሪባን የታሰረበት ፖስታ አምጥታ እጁ ላይ አኖረችው። ሁለት ዓመት ለጠበቃ ስታጠራቅም ከርማ መዝገቡን አሰርዛለት ኖሯል። ፓስተሩ ጸለየ፣ ዘመድ አለቀሰ፣ አንዱ ጉረኛ የአጎት ልጅ "ይቃጠል!" ብሎ ጮኸ። የአሳማ ጎድን የሚጠበስበት በርሜል እሳቱ ገና አልበረደም ነበር። ሮስኮ የፍርዱን ግልባጭ፣ የተፈታበትን ወረቀት፣ የእስረኛ መታወቂያውን አንድ በአንድ ወረወረ፤ በእያንዳንዱ እልል አልን። የእሳት ማቀጣጠያውን ጋዝ ያርከፈከፍኩት እኔ ነኝ፤ ዘመናዊ ሴት ነኛ! ከዚያ በዚያው እሳት ላይ የተጠበሰውን ጎድን በጎመንና በበቆሎ ዳቦ በላን። መታወቂያው ፕላስቲክ ስለነበረ ሥጋው ትንሽ ሸተት ብሎ ነበር፤ ማንም ትንፍሽ አላለም።

"ለሻርሜን እንዳትነግሪያት" አለኝ እንቁላሉን ሳቀርብለት። "ስጦታሽ ነው በሩን የዘጋብኝ ብዬ ልጄን ምን ልበላት?" እሷ ሁለት ሰዓት በሚያስነዳ ከተማ፣ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ሽማግሌ እያነሳች እያስቀመጠች ወገቧ ተቀንጥሷል። የሱቁን እቅድ በትልቅ ፋይል ሠርታ ልካለታለች፤ የመደርደሪያው ቀለም ሳይቀር ተጽፏል። ሮስኮ ከእስር ወጥቶ ሃያ ዘጠኝ ዓመት የሆስፒታል ወጥ ቤት ድስት ሲፈትግ የኖረው መዝገቡን አይቶ ሌላ ሥራ የሚሰጠው ስላጣ ነው። መዝገቡ ሲጸዳለት ጀርባው ጎብጦ ነበር። "ሰባት የልደት ኬኳን አልቆረስኩም" ይላል ሁልጊዜ፤ "ስሟ የተጻፈበት አንድ በር ትቼላት ልሙት።" ሌላ ምኞት የለውም። እኔ ሌላ ምኞት ቢኖረው እመርጥ ነበር፤ ቅጠሉን ቅዱስ ነው አልልም። የሞተው ባሌ ሉተር ሶፋ ላይ ተጋድሞ እያጨሰ ሁለት ጊዜ ከሥራ ተባሯል። ግን ሌላው በሊሞዚን ሲከብርበት ወንድሜን ኃጢአት ነው ልለው ነው? ኤዲያ!

ሃያ አንድ ቁጥር አውቶቡስን ይዘን መሃል ከተማ ገባን። ያን መስመር አስራ ሁለት ዓመት ነድቼዋለሁ፤ ከላርኪን እስከ ቢሮው አርባ አምስት ደቂቃ ነው። ሰልፉ ኮሪደሩን ሞልቶ ደረጃው ድረስ ወርዷል፣ አይ ሰልፍ! ድሮ የሰፈራችን ወንድ ከእስር ሲወጣ መርከብ ላይ ነበርኩ፣ አላስካ ነበርኩ ይል ነበር። ዛሬ ቅጣት እንደ ሜዳሊያ ይነጻጸራል። አንዱ "እኔ ሁለቴ ነው የተፈረደብኝ" ሲል፣ ከኋላው ያለው "ሁለቴ ብሎ ነገር! እኔ ሦስት፣ አንዱ ከነአመክሮው" ይላል። ቡከር የሚባለው ጎረቤታችን፣ ያ የወርቅ ጥርሱ ቀድሞት የሚሄድ፣ የፍርድ ወረቀቱን ላሚኔት አሠርቶ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎታል። "ሚስ ቬርኒስ፣ አንቺስ ስንት አለሽ?" አለኝ። "እኔ ያለኝ አንድ ጥፊ ነው፣ ከፈለግህ ልስጥህ" አልኩት። ሰልፉ በሙሉ ሳቀ፤ ሮስኮ ግን ባዶ እጁን ኪሱ ከቶ ግድግዳውን ያይ ነበር።

ከፊታችን አንድ ባለ ኮት ነጭ ጎልማሳ ቆሟል። ዘወር ብሎ፣ ድምፁን ለቅሶ ቤት እንደገባ ሰው ዝቅ አድርጎ፣ እሱም የሕጉ ተጎጂ እንደሆነ አጫወተን። ዩኒቨርሲቲ ሳለ መኝታ ክፍሉ ውስጥ ተይዞ፣ ሁለት ሰዓት ፖሊስ ጣቢያ ተቀምጦ፣ መቶ ዶላር ተቀጥቶ ወጥቷል። "እስካሁን ሌሊት ያባንነኛል" አለን። የአባቱ ጠበቃ እያንዳንዷን ወረቀት በቆዳ ቦርሳ አስቀምጦለታል። "እናቷ የሞተችባትና እናቷ ገበያ የሄደችባት እኩል ያለቅሳሉ" አልኩ ለሮስኮ፣ ሰውየው እንዲሰማ ጮክ ብዬ። አልገባውም፤ አመሰገነኝ። ካውንተሩ ጋ አራት ደቂቃ ፈጀበት፤ ማህተሙ ጧ ሲል ሰማሁ፣ እየሳቀ ወጣ።

የእኛ ተራ ሲደርስ ስምንት ሰዓት አልፏል። ከመስታወቱ ጀርባ ያለችው የእኛው ጥቁር ልጅ ናት፤ ረጅም ሐምራዊ ጥፍር፣ ደስ የሚል ፊት። የሮስኮን ስምና የትውልድ ቀን አስገብታ ጠበቀች፣ ደግማ አስገባች፣ ከዚያ ፊቷ በራ። "አቶ ቴት፣ ሲስተሙ ላይ ምንም የለብዎትም። ንጹህ ነዎት፤ እንኳን ደስ አለዎት!"

"ልጄ፣ ሰባት ዓመት ታስሬያለሁ።"

"በእኛ መዝገብ አልታሰሩም።"

"ታዲያ እናቴ ስትቀበር የት ነበርኩ?" አላት ሮስኮ። ሊያፋጥጣት አልነበረም፤ እንደሚጠይቅ ሰው ነው የጠየቃት። ልጅቷ ጥፍሯን ማየት ያዘች። የሻርሜንን ወረቀት ከነሪባኑ አወጣላት፤ አንብባ በመስታወቱ ቀዳዳ መለሰችለት። "ይሄ አንድ መዝገብ ተሰረዘ ብቻ ነው የሚለው። ምን እንደነበረ አይልም፤ እንዳይልም ነው የተጻፈው።" ከዚያ ወደ ግራና ወደ ቀኝ አይታ ድምጿን ቀነሰች። "ሁለት መንገድ አለ። ያኔ የወጣ ጋዜጣ፣ ስምዎ ያለበት፣ ካገኙ እቀበላለሁ። ወይ ደግሞ ሲያዙ በዓይኑ ያየ ሰው እዚህ መጥቶ በመሐላ ቃሉን ይስጥ። ዘመድም ቢሆን ግድ የለም፤ ብቻ የሰማ ሳይሆን ያየ ይሁን። እስከ አስራ አንድ እዚሁ ነኝ።"

ሮስኮ ዘወር ብሎ አየኝ። እኔ የእጅ ቦርሳዬን ከፍቼ ከረሜላ ፈለግሁ። "ማንም አልነበረም" አልኳት ልጅቷን፣ ከረሜላውን እየላጥኩ።

ነበርኩ። ያን ቀን ልብስ ማጠቢያው በር ላይ የታጠበ ልብስ በቅርጫት ታቅፌ ቆሜ ነበር። ወንድሜን አስፋልት ላይ በሆዱ አስተኝተው አንዱ ፖሊስ በጉልበቱ ጀርባውን ሲጫነው፣ ግራ ጫማው ወልቆ ሲንከባለል፣ አየሁ። ሌላው ፖሊስ ወደ እኔ መጥቶ "ይሄን ሰው ታውቂዋለሽ?" አለኝ። አውቶቡስ መንዳት ከጀመርኩ ገና ስድስተኛ ሳምንቴ ነው፣ የሙከራ ጊዜዬን አልጨረስኩም፤ ሁለት ልጆች፣ ከሥራ የተባረረ ባል። ከዕፅ ጋር ስሙ የተነሳ ሾፌር በማግስቱ ነበር የሚባረረው። "አላውቀውም" አልኩት፣ ፊቴንም አዞርኩ። ለእናቴ ሥራ ላይ ነበርኩ አልኳት። ለቤተክርስቲያን ሰው ሁሉ ሮስኮ ቴክሳስ ነዳጅ ጉድጓድ ላይ ይሠራል አልኩ፤ እስከ ሁለት ዓመት ድረስ እስር ቤት ሄጄ አንድ ቀን አልጠየቅሁትም። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም ይባላል፤ እኔም ይሄን ይዤ ሠላሳ ስድስት ዓመት ኖርኩ፣ ቤት ገዛሁ፣ ጡረታዬን አስከበርኩ። አሁን ተነስቼ በዚያ መስታወት ፊት "አይቻለሁ" ብል፣ ሮስኮ "የት ሆነሽ?" አይለኝም?

ኮሪደሩ ላይ ቡከር ማህተሙን አስመትቶ እያፏጨ አገኘን። ነገሩን ሲሰማ ለወጉ ከንፈሩን መጠጠ። "ላርኪን ማዕዘን ያለው ሱቅ የተዘጋውን የከተማችንን ጋዜጣ ፎቶዎች ገዝቶ ግድግዳው ላይ ደርድሯቸዋል" አለን። "ያን ዘመን በሙሉ ሰቅለውታል። አንተም አትጠፋም፣ ግባና እይ።" ሮስኮ የራሱን ሱቅ ሳይከፍት የሰው ሱቅ ላይረግጥ ምሎ ነበር፣ እኔም ላልረግጥ ምያለሁ። የእኔ መሐላ እንኳ ቀዳዳ አለበት፤ ለጉልበቴ የምቀባውን የዚያን ቅጠል ቅባት የጎረቤት ልጅ እየላክሁ አስገዛለሁ፣ አንዷ ጣሳ ሠላሳ ስምንት ዶላር። ሃያ አንድ ቁጥርን ይዘን ተመለስን። መንገዱን ሙሉ እኔ ስለ ሾፌሩ አነዳድ፣ ስለ መንገዱ ጉድጓድ፣ ስለ ባለ ኮቱ ሰውዬ ሳወራ መጣሁ።

የሱቁ ስም "ሥር" ነው፤ አንድ ቃል ብቻ። የሀብታም ሱቅ ስሙ ያጥራል። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል አልፎ ነበር ስንገባ። ልብስ ማጠቢያው የነበረበት ወለል የጣውላ ሆኗል፤ ማሽኖቹ ተደርድረው ይንቀጠቀጡበት በነበረው ግድግዳ ላይ የመስታወት ማሰሮዎች እንደ ሽቶ በመብራት ይታያሉ። ሦስት ግራም ተኩል አምሳ አምስት ዶላር። ለውሻ ጭንቀት የሚሆን ብስኩት ሃያ አራት ዶላር። አንዱ ማሰሮ ላይ "ላርኪን ጎዳና" ተብሎ ተጽፏል፤ ሰፈራችን የቅጠል ስም ሆኗል። የአባቴ ወንድም አሎንዞ ጥሩምባ ነፊ ነበር። በእሱ ዘመን ጋዜጣው ይሄ ቅጠል ጥቁሩንና ሜክሲኮዊውን ያሳብደዋል እያለ ይጽፍ ስለነበር፣ አሎንዞ ለአንድ ጥቅልል ታስሮ ሁለት ዓመት መንገድ ሲቆፍር ኖሮ ጣቶቹ ዳግም ጥሩምባ አልያዙም። እኔ ልጅ ሳለሁ የሀብታም ልጆች ጸጉራቸውን አስረዝመው ያንኑ ሲያጨሱት ስሙ ፍቅርና ሰላም ሆነ። ቀጥሎ ቴሌቪዥኑ አንጎላችሁ ይበሰብሳል ብሎ ቀን ከሌት ሲለፍፍ ፖሊስ ሰፈራችንን አጥለቀለቀው፤ ከወንዙ ማዶ ያሉት ነጮችም ያጨሱ ነበር፣ ኪሳቸውን የሚፈትሽ ግን አልነበረም። አሁን ደግሞ መድኃኒት ነው አሉ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ፤ አይጡ ጭራሽ ባለሱቅ ሆኖ አረፈው።

ፎቶው ከገንዘብ መቀበያው በላይ ነበር፤ የጠረጴዛ ያህል ተደርጎ ተነፍቶ፣ በጥቁር ጣውላ ተከቦ። አስፋልት፣ በሆዱ የተኛ ወጣት፣ ጀርባው ላይ ጉልበት። ፊቱ አይታይም። እኔ ግን ክርኑ ላይ እናቴ በቀይ ክር የጣፈችውን ጃኬት አወቅሁት፣ ግራ እግሩ ላይ ያለውን ካልሲም አወቅሁት። ከኋላ፣ ልብስ ማጠቢያው በር ላይ፣ ቅርጫት የታቀፈች ሴት ቆማለች፤ ፊቷን ወደ ውስጥ አዙራለች። ሮስኮ ከአጠገቤ ቆሞ ለረጅም ጊዜ አየው። ምን ምኑን እንዳየ አላውቅም ነበር። ከሥር በትንሽ ካርድ ላይ "ላርኪን ጎዳና፤ ስሙ ያልታወቀ ሰው" ተብሎ ተጽፏል።

የግድግዳው ሰዓት ዘጠኝ ተኩል ከአስር ይላል። ቢሮው አስራ አንድ ከመሆኑ በፊት የሚያደርሰው የመጨረሻው ሃያ አንድ ቁጥር ላርኪንን የሚያልፈው አስር ሰዓት ከስምንት ላይ ነው፤ በዚያ ሰዓት ታክሲ ድልድዩ ላይ ይቆማል፣ አውቶቡስ ብቻ ነው የራሱ መስመር ያለው። ይሄን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ሃያ ስምንት ደቂቃ ነበረኝ። "ሮስኮ፣ ተነስ እንሂድ፣ እኔ ነበርኩ" ለማለት ስንት ደቂቃ ይፈጃል? እኔ ግን ካውንተሩ ላይ ላለችው ልጅ ዞርኩባት። "ይሄን ሰው ማን ያልታወቀ አደረገው? ጋዜጣው ላይ ስሙ አልነበረም እንዴ?" ልጅቷ ደነገጠች። ከፎቶው ሥር የነበረው ጽሑፍ ከክፈፉ ጋር አልሄድ ስላለ ቆርጠው እንደጣሉት ነገረችኝ። "ወንድሜ ነው! ፎቶውን አውርጂልኝ፣ ለዛሬ ብቻ፣ ለማስረጃ!" እሷ አለቃዋን ልጥራ ብላ ሄደች። ሮስኮ የቆዳ መቀመጫው ላይ ቁጭ ብሎ አንዴ ሰዓቱን አንዴ እኔን ያያል።

አለቃው ኮልቢ የሚባል ካልሲ የማያደርግ ልጅ ነው፤ አሥር ደቂቃ አስጠብቆ መጣ። የእናንተን ታሪክ በጣም እናከብራለን አለኝ። "ብታከብሩትማ ኖሮ ከብስኩት በላይ አትሰቅሉትም ነበር!" አልኩት። የውሻውን ብስኩት አነሳሁ፣ ዋጋውን ጮክ ብዬ አነበብኩለት፣ ስለ አሎንዞ ነገርኩት፣ ስለ ባለ ኮቱ ነገርኩት፣ ደንበኞቹን ዞር ብዬ እናንተም አታፍሩም አልኳቸው። እንዴት ያምራል አነጋገሬ! እንደዚያ ቀን ተናግሬ አላውቅም። ኮልቢ እስክጨርስ ራሱን ሲነቀንቅ ቆይቶ፣ "በጣም ይገርማል፣ ስሙን በደስታ እንጽፋለን" አለኝ። "ብቻ እሳቸው መሆናቸውን የሚያሳይ ማስረጃ ይኖራችኋል?"

ዓይኔን ከኮልቢ አንስቼ ወደ መንገዱ አየሁ። በመስታወቱ በኩል ሃያ አንድ ቁጥር መጣ፣ ፌርማታው ላይ ቆመ፣ በሩን ከፈተ። አንዲት ሴት ጋሪዋን ይዛ ወረደች። በሩ ተዘጋ፣ አውቶቡሱ ሄደ። ያኔ ነው አፌ የተፈታው፤ መሄዱን ካየሁ በኋላ።

ወደ ሮስኮ ሄጄ አጠገቡ ተቀመጥኩ። "ያቺ ሴትዮ እኔ ነኝ" አልኩት።

"አውቃለሁ።"

"ፎቶውን አይተህ ነው?"

"ኧረ ያኔ ነው ያወቅሁት። ፊቴን አስፋልቱ ላይ የተጫኑት ወደ አንቺ በኩል ነበር። አረንጓዴ ጫማሽን አየሁት። 'አላውቀውም' ስትይም ሰማሁሽ።" እንደ ሌላው ጊዜ ረጋ ብሎ ነው የሚያወራው። "ልጆች ነበሩሽ፤ ገባኝ። እናታችንን ያስተዳደረው የአንቺ ደሞዝ ነው።"

"ታዲያ ቢሮው ውስጥ ለምን ዝም አልከኝ? 'ነበርሽ' ብለህ ብትናገር አፍህን እይዝህ ነበር እንዴ?"

"አንቺ ትናገሪያለሽ ብዬ ጠበቅሁ" አለኝ። "እዚህም ጠበቅሁ።"

ስለ ከተማው፣ ስለ ባለ ኮቱ፣ ስለ ኮልቢ ቁርጭምጭሚት አፌ ሞልቶ የነበረው ስድብ ሁሉ የት እንደገባ እንጃ። አለቀስኩ፣ ሰው ፊት፣ የማልወደውን። ልጅቷ መሃረብ አመጣችልኝ፣ ቀጥላም ለሰፈሩ አረጋውያን አስር በመቶ ቅናሽ እንዳላቸው ነገረችኝ። ስልኩ የጮኸው እዚያው እንደተቀመጥን አስራ አንድ ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው፤ ሻርሜን ናት። ከአጠገቡ ስለነበርኩ ድምጿ ይሰማኛል። "አባዬ፣ ተሳካ?" ትላለች። ሮስኮ ሰዓቱን አየ፣ እኔን አየ። "አይ ልጄ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው" አላት። "ሰዓቱን ተሳስቼ ከዘጉ በኋላ ደረስኩ። አክስትሽ እንኳ አብራኝ ስትንከራተት ነው የዋለችው።" ሻርሜን ማልቀስ ስትጀምር ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮው አዞረብኝ።

ተነስቼ ካውንተሩ ጋ ሄድኩና ከልጅቷ እስክሪብቶ ተቀበልኩ። ኮልቢ ከዳር ቆሞ ያየኛል፤ አልከለከለኝም። ካርዱን ከፎቶው ሥር ነቅዬ ገለበጥኩት። "የተኛው ሮስኮ ቴት ነው፤ ሰባት ዓመት ታስሯል" ብዬ ጻፍኩ። ትንሽ ቦታ ቀርታ ነበር። ቀጠልኩ፦ "ፊቷን ያዞረችው እህቱ ቬርኒስ ናት።" በቦታው መልሼ ለጠፍኩትና ወንድሜን ይዤ ወደ ቤት ሄድኩ፤ በማግስቱ ጠዋት ለሻርሜን እኔ ራሴ ደውዬ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ነገርኳት።